በአየር ቧንቧ ላይ የሚከፈት ቀዳዳና የግንደ ሕዋስ ሕክምና፤ ከጎግ እስከ ስቶክሆልም




በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአየር ቧንቧ ላይ የሚከፈተውን ፊስቱላ በግንደ ሕዋስና በአዲስ አካል ማብቀያ ዘዴ ስለ ማከም ነው። ርእሱ ለማደንዘዣ መሣሪያ መለዋወጫ አጥተን ለምንጨነቅ ሐኪሞች የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከእኛ ደጅ ከደረሰ ቆይቷል። የሕመምተኛ ወንድም ስልኩን አውጥቶ፣ «ዶክተር፣ ውጭ አገር ከሰውየው ከራሱ መቅኒ ወስደው ቀዳዳውን ይደፍኑታል አሉ፤ መሬታችንንም ከብታችንንም ሸጠን ብንወስደው ምን ይመስልሃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «አላውቅም» ማለት አይቻልም፤ «አዎን» ማለት ደግሞ አንድን ቤተሰብ ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። እንግዲህ ለዚህ ጥያቄ ምን ብለን እንመልስ የሚለውን ነው ዛሬ ከእናንተ ጋር ለመመርመር የምሞክረው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር ይልቅ ከጎግ እጀምራለሁ። ጎግ በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ፑኝዶ ከተማና ስሟን የተሸከመው የስደተኞች መጠለያ የሚገኙት በዚሁ ወረዳ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጋምቤላ ከተማ ያለው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በክልሉ የሳንባ ነቀርሳና ኤች.አይ.ቪ. ተደጋግፈው እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል በሀገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ በጋምቤላ ግን ቁጥሩ 4.8 በመቶ ነበር። ነቀርሳ የት ቤቱን እንደሚሠራ ይህ ቁጥር ይበቃል።

አሁን አንድ ሕመምተኛ እናስብ። የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ ሁላችንም ካየናቸው ከብዙዎች የተውጣጣ ነው። ከጎግ ቀበሌዎች ባንደኛው የሚኖር የ30 ዓመት ጎልማሳ ለወራት ሲያስለው ይከርማል። ከመድኃኒት መደብር ሁለት ጊዜ ክኒን ገዝቶ ወስዷል። አንድ ቀን ጎኑን እንደ ጦር የሚወጋ ነገር ይሰማዋል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ጋምቤላ ሆስፒታል ሲደርስ ደረቱ ውስጥ አየርም መግልም ተጠራቅሞ ይገኛል። ቱቦ ገብቶለት ውሃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ይያያዛል፤ ሊትር ያህል መግል ይወርዳል፤ ትንፋሹም ቀለል ይለዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ያልፋል፤ ሁለተኛውም ያልፋል፤ ሦስተኛው ይገባል። ጠርሙሱ ግን መፍላቱን አይተውም። ባሳለ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በተነፈሰ ቁጥር ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እዚያ ውስጥ፣ በነቀርሳው በተበላው ሳንባና በደረት ግድግዳው መካከል፣ ሊዘጋ ያልቻለ በር አለ ማለት ነው። የብሮንከስና የሳንባ ሽፋን ፊስቱላ የምንለው ይህንን ነው።

ፊስቱላ የሚለው ቃል በሀገራችን ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በምጥ መራዘም ምክንያት በእናቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ቃሉን ከሐኪሞች መጽሐፍ አውጥቶ የአገር ቃል አድርጎታል። ከዚያ ሙያ ለዛሬው ጉዳያችን የምንበደረው አንድ ዐቢይ ትምህርት አለ። የፊኛ ቀዳዳ በክር ስለ ተሰፋ ብቻ አይድንም። ዙሪያው ያለው ሥጋ ደም አጥቶ የቆየ ከሆነ ስፌቱ ይለቃል። ስለዚህም ቀዶ ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የደም ሥሩን እንደያዘ ከጎረቤት አካል ስብ አምጥቶ በስፌቱ ላይ ያለብሰዋል። ቀዳዳን የሚዘጋው ደም የሚደርሰው ሕያው ሥጋ ነው፤ ክሩ የሚያገለግለው ሥጋው እስኪያያዝ ድረስ ብቻ ነው። ይህንን ቁም ነገር በአእምሯችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ንግግሬ በሙሉ በእርሱ ዙሪያ የሚዞር ነውና።

የአየር ቧንቧ ከፊኛ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ፊኛን በካቴተር አሳርፈን ሁለት ሳምንት ባዶ ልናቆየው እንችላለን፤ ሳንባን ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ «ዕረፍ» ልንለው አንችልም። በየትንፋሹ ይዘረጋል፤ በየሳሉ ይወጠራል። ከአፍ የሚወርደው ተሕዋስ አያቋርጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቧንቧው ግድግዳ በአብዛኛው ከለምለም አጥንት የተሠራ በመሆኑ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም ከጎንና ከጎን በሚገቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቧንቧውን ከዙሪያው ሥጋ እጅግ ካላቀቀው፣ ለመስፋት ብሎ የገፈፈው ራሱ ለስፌቱ መላቀቅ ምክንያት ይሆናል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበረው ሄርሚስ ግሪሎ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሠራው ሥራ፣ ከአዋቂ ሰው ዋና የአየር ቧንቧ እስከ ግማሽ ያህሉን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚያ የሚበልጥ ሲጠፋ ምን ይተካ? የአዲሱ ሕክምና ሕልም የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የቀዳዳው ዓይነት አንድ ብቻ አይደለም። ከምግብ ቧንቧው ጋር ተያይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ የመጀመሪያውን ጡት ሲጠባ ያስለዋል፣ አፉ አረፋ ይሞላል፣ ይጠቁራል። ይህንን በአንድ ቀዶ ሕክምና አስተካክሎ ሕፃኑን ለማዳን የቻለው መጀመሪያ ካሜሮን ሄይት ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1941፣ ቦታውም ሚሺጋን ነበር። በመተንፈሻ ቱቦ ለረዥም ጊዜ የቆየ ሰውም የቱቦው ፊኛ ግድግዳውን ፈቅፍቆ ሊበሳው ይችላል። ካንሰርም አለ፤ ጥይትም አለ። በእኛ አካባቢ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመን ያ ጎልማሳ ያለበት ዓይነት ስለሆነ በእርሱ ላይ እቆያለሁ።

የቀድሞው ሕክምና ምን ነበር? በመሠረቱ ሦስት ነገር ነው፤ መግሉን ማውጣት፣ ነቀርሳውን በመድኃኒት መግደል፣ ክፍተቱን በሕያው ሥጋ መሙላት። የመጀመሪያው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ጎትሃርድ ቡላው የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ከተለመው በውሃ ከሚዘጋው ጠርሙስ ጀምሮ ያለ ነው። ያ ጠርሙስ ዛሬም በጋምቤላ ሆስፒታል አልጋ ሥር የምናየው ነው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ብርጭቆው ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ትንንሽ ቀዳዳዎች በቱቦና በነቀርሳ መድኃኒት፣ በተጨማሪም በጥሩ ምግብ ብቻ ይዘጋሉ። ስለ ምግብ ስናገር ፈገግ የሚል ባልደረባ ይኖራል። ነገር ግን ከሲታ የሆነ ሰው ጠባሳ መሥራት አይችልም፤ ጠባሳ የማይሠራ አካል ደግሞ የምንሰጠውን ማናቸውንም ሕክምና፣ ግንደ ሕዋስም ቢሆን፣ ከንቱ ያደርገዋል።

ቱቦው ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ደረትን በመስኮት መልክ መክፈት አለ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1935 ለነቀርሳ መግል በጽሑፍ ያቀረበው የሳን ፍራንሲስኮው ቀዶ ሐኪም ሊዮ ኤሎሰር ነው። የቆዳ ክፋይ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋና መግሉ ያለ ቱቦ ይወርዳል፤ ሕመምተኛውም ጠርሙስ ሳይጎትት ከአልጋው ተነሥቶ ይሄዳል፣ አገሩም ይገባል። ስለ ኤሎሰር ከርእሴ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሰው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ያከመ፣ በቻይና የገጠር የጤና ሠራተኞችን ያሠለጠነ፣ ለገጠር አዋላጆች መመሪያ መጽሐፍ የጻፈ ነው። ለነቀርሳ ሕመምተኛ ያሰበውም ዘዴ ትልቅ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑ ከዚህ ጠባዩ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። በትልልቅ ማእከሎች «አሮጌ» ተብሎ ሲናቅ ሰምቻለሁ፤ በበኩሌ ግን አልንቀውም።

ከመስኮቱ በኋላ፣ መግሉ ጠርቶ ግድግዳው ቀይ ሥጋ ሲያበቅል፣ ክፍተቱ ይሞላል። ከጀርባ ወይም ከጎን የተነሣ ጡንቻ የደም ሥሩን እንደያዘ ወደ ውስጥ ይገባና በቀዳዳው ላይ ይሰፋል። ጡንቻ ካልበቃ የሆድ ሞራ ተስቦ ይመጣል። ሞራ ደም የሞላው፣ መግል የማይፈራ፣ በተቀመጠበት የሚጣበቅ አካል ነው። አባቶቻችን በግ አርደው ሞራውን ዘርግተው ያዩት ለሌላ ምክንያት ነበር፤ ደም ሥሮቹ ግን ለእኛም እንደ ካርታ ናቸው። ይህ ሁሉ እንግዲህ የሐምሊኖቹን መርሕ በደረት ውስጥ መድገም ነው፤ ደም የሚደርሰው ሕያው ሥጋ።

አሁን ወደ አዲሱ ልለፍ። የግንደ ሕዋስ ሐሳብ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ከሕመምተኛው መቅኒ ወይም ከቆዳው በታች ካለው ስብ ጥቂት ይወሰዳል፤ ከውስጡ ሜዘንካይማል የሚባሉት ግንደ ሕዋሶች ተለይተው በላቦራቶሪ ይባዛሉ፤ ከዚያም በብሮንኮስኮፕ በኩል በቀዳዳው ዙሪያ ይወጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የስፔን ሐኪሞች ከስብ በተገኘ ሕዋስ የዋና አየር ቧንቧ ፊስቱላ ያከሙበትን አንድ ታሪክ አሳተሙ። የሚላኖ ሐኪሞች በመጀመሪያ በፍየሎች ላይ ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳንባው በካንሰር ምክንያት በወጣለት አንድ ሰው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከመቅኒው በተወሰደ ሕዋስ በ60 ቀን ውስጥ መዘጋቱን ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ሕዋሱን ቀስ በቀስ በሚሟሟ ጨርቅ መሰል ነገር ላይ ዘርተው፣ ተደጋግሞ የተከፈተ ቀዳዳ መዝጋታቸውን ጻፉ።

እነዚህ ሥራዎች የተከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን በትክክል መነበብ አለባቸው። አንደኛ ነገር፣ የተወጋው ሕዋስ ተለውጦ አዲስ ብሮንከስ አልሆነም። ሕዋሶቹ እንደ ላኪ ናቸው፤ እብጠትን የሚያበርድ፣ የደም ሥር የሚጠራ፣ ጠባሳ የሚሠሩትን ሕዋሶች የሚቀሰቅስ መልእክት ያስተላልፋሉ። የሚዘጋው በሕመምተኛው የራሱ ሥጋ ነው። ሌላው፣ ቀዳዳው ጠባብ፣ ዙሪያውም ከመግል የጠራ ሲሆን ነው ነገሩ የተሳካው። ደግሞም እስካሁን በእጃችን ያለው በአብዛኛው የነጠላ ሕመምተኞች ታሪክና ጥቂት ሰዎችን የያዙ ጥናቶች ናቸው። የተሳካለት ይጽፋል፤ ያልተሳካለት ዝም ይላል። ስለዚህም ከአሥር ሰው ስንቱ እንደሚድን ለዚያ ወንድም ልንነግረው አንችልም። መግል በሞላው የነቀርሳ ደረት ላይ ሕዋስ መዝራትስ? ጎርፍ በሚያልፍበት መሬት ላይ ዘር እንደ መበተን ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደምጠይቅ ለመግለጽ ወደ ስቶክሆልም መሄድ ይኖርብኛል። ከእኛ ምድር የሄደ አንድ ሰው የሞተበት ታሪክ እዚያ አለና።

መነሻው ነቀርሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በባርሴሎና፣ የግራ ብሮንከሷ በነቀርሳ የተበላሸባት አንዲት ወጣት እናት ከሞተ ሰው የተወሰደ፣ ሕዋሱ ታጥቦ ማገሩ ብቻ የቀረ፣ ከዚያም የራሷ ሕዋስ የተዘራበት ቧንቧ ተተከለላት። ቀዶ ሐኪሙ ጣሊያናዊው ፓውሎ ማኪያሪኒ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት አተመው። እኔም እንደ ብዙ ባልደረቦቼ በጉጉት ካነበቡት አንዱ ነኝ። የሴትዮዋ ግራ ሳንባ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቆርጦ መውጣቱንና መጽሔቱም ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2023 መሰረዙን ግን ስንቶቻችን አንብበናል?

ማኪያሪኒ ከዚያ በስዊድን ወደሚገኘው ካሮሊንስካ ተዛወረ። የሰውን ቧንቧ ትቶም በፕላስቲክ ተካው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2011 የመጀመሪያው የፕላስቲክ ቧንቧ የተተከለለት ሰው አንደማርያም በየነ ይባላል። ኤርትራዊ ነው፤ የከርሰ ምድር እንፋሎትን ለኃይል ማመንጫ የማዋልን ትምህርት ለመማር አይስላንድ የሄደ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነበር። በአየር ቧንቧው ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ነበረበት። በለንደን በልኩ የተሠራው ፕላስቲክ ከራሱ መቅኒ በተወሰደ ሕዋስ ውስጥ ከተነከረ በኋላ በቧንቧው ቦታ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላንሴት ያተመው ጽሑፍ ፕላስቲኩ ሕያው ሽፋን እያበቀለ እንደሆነ አስመስሎ አቀረበ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሰውየው አልዳነም። ከአይስላንድ ወደ ስቶክሆልም እየተመላለሰ፣ ቧንቧው እንዳይደፈን ስቴንት በስቴንት ላይ እየተጨመረለት፣ እያሳለና ደም እየተፋ ኖሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ፕላስቲኩ ከሥጋው ጋር አለመዋሐዱ፣ ይልቁንም መላቀቁ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በካሮሊንስካ ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለለት አሜሪካዊም በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቶ ነበር። ሦስተኛዋ፣ ከቱርክ የመጣች ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተተክሎላት ብዙ ቀዶ ሕክምና ከተፈራረቀባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ዐረፈች።

ለምን ሆነ? መልሱን ከመጀመሪያው ተናግረነዋል። ፕላስቲክ የደም ሥር የለውም። ደም ያልደረሰው ነገር ላይ የተዘራ ሕዋስ ይሞታል፤ ሕዋስ የሌለው ፕላስቲክ ደግሞ ባዕድ አካል ነው፤ በባዕድ አካልና በሕያው ሥጋ መጋጠሚያ ላይ ተሕዋስ ይፈላል፤ ስፌቱም ይለቃል። ቀዳዳ ሊዘጋ የገባው ነገር ራሱ ቀዳዳ ይከፍታል ማለት ነው። በቤልጅየም የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም የሆነው ፒየር ዴላር ይህንኑ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ዘዴው በሰው ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት ላይ አልተፈተነም፤ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድም አልነበረውም።

በካሮሊንስካ የሚሠሩ አራት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 የሕመምተኞቹን ካርድ ከታተመው ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ አቤት አሉ። ስለ ሙያችን ክብር ስናወሳ ማስታወስ የሚገባን እነዚህን ነው። ካርድ ነው ያነበቡት፤ ሌላ ተአምር አልሠሩም። ተቋሙ ግን በመጀመሪያ የተከላከለው ባለ ዝናውን ነው። የውጭ መርማሪ ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋት መኖሩን ቢገልጹም የተቋሙ ኃላፊ ነጻ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን ጉዳዩን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ኃላፊው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ማኪያሪኒም በዚያው ዓመት ተባረረ። ላንሴት የ2011ን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰረዘ። የስቶክሆልም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ቀዶ ሐኪሙን በሦስቱ ሕመምተኞች ላይ በፈጸመው ከባድ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት። ፍርድ ቤቱ ሕመምተኞቹ ያለዚያ ቀዶ ሕክምና ቀላል የማይባል ጊዜ ሊኖሩ ይችሉ እንደነበረ ተናግሯል። ሐኪሙ «ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም» ይል የነበረውን አስታውሱ።

ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ታሪክ ልቤን የሚነካው ሌላም ነገር አለ። አንደማርያም ከቤተሰቡ ርቆ፣ በእንግድነት አገር፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚነጋገር ሰው ነበር። ሐኪሞቹ «ይህ ካልሆነ ትሞታለህ» ሲሉት ማንን ሊያማክር ይችላል? ከጎግ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሕመምተኛም በኛው ዘንድ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ነው። አኙዋኛ ወይም ኑዌርኛ ተናጋሪ ሆኖ በአማርኛ የተጻፈ የስምምነት ወረቀት ላይ ጣቱን ያትማል። በዎርዱ ውስጥ የሚያስተረጉም ሰው ሲጠፋ ጽዳት ሠራተኛ ተጠርቶ እንደሚያስረዳ የማያውቅ ከመካከላችን አለን? ይህ የስዊድን ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እንድታስቡልኝ ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ሰው ጥፋት ሙሉውን ዘርፍ መጣል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 በፓሪስ የኢማኑኤል ማርቲኖ ቡድን ያወጣው ሥራ በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። የተበላሸውን የአየር ቧንቧ ከሞተ ሰው በተወሰደና በብርድ በተጠበቀ የዋና ደም ቧንቧ ክፋይ ተኩት፤ እንዳይጨፈለቅም ስቴንት አስገቡበት። ሕዋስ ከውጭ አልዘሩበትም። ዙሪያውን በሕመምተኛው ጡንቻ አለበሱት፤ ደም ደረሰው ማለት ነው። ከ13ቱ ሕመምተኞች 10ሩ ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ የክትትል ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ከእነዚህም 8ቱ ስቴንቱ ወጥቶላቸው አዲስ በተፈጠረው ቧንቧ ይተነፍሱ ነበር። የገባው ክፋይ ላይ ከጊዜ በኋላ ለምለም አጥንት መሰል ነገርና የአየር ቧንቧ ሽፋን ታየ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ የኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሐኪሞች ዋናውን የአየር ቧንቧ ከነደም ሥሮቹ ከሞተ ሰው ወስደው ለአንዲት ሴት ተከሉ። ሁለቱም መንገድ ገና ወጣት ነው፤ የሚያመሳስላቸው ግን ደሙን አለመርሳታቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጎግ እንመለስ፤ ያ ጎልማሳ ከነጠርሙሱ ጋምቤላ ላይ ትተነው ሄደናል። ለወንድሙ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው፤ «ከብትህን አትሽጥ። ወንድምህን የሚያድነው የነቀርሳ መድኃኒቱ፣ የቱቦው በትክክል መያዝ፣ እህሉና ወተቱ ነው። ይህ ካልበቃ ጥቁር አንበሳ የደረት ቀዶ ሐኪም ዘንድ እንልከዋለን። በሕዋስ መድፈን የሚባለው ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው፤ ለሙከራ ደግሞ ሕመምተኛ አይከፍልም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም ብንይዛት መልካም ነው። ሙከራ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ክሊኒክ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ሕመምተኛችንን የምንልክበት ቦታ አይደለም።

ቀዳዳው ሳይከፈት መከላከል ስለሚቻልበት መንገድ ግን ጎግ ራሱ አስተማሪ ነው። ባልደረቦቻችን ጎግን የሚያውቁት ከአቦቦ ወረዳ ጋር በጊኒ ዎርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ እንደነበር የሚገመተው ይህ በሽታ ክትባትም መድኃኒትም አልተገኘለትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ በመላው ዓለም የተገኘው የሰው ሕመምተኛ ከ20 በታች ነበር። የተሠራው በውሃ ማጣሪያ ጨርቅ፣ ውሻ በማሰር፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞሩ «እግሩ ያበጠ አለ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። በጎግ ውስጥ አንዲት ትል ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ውሻ እግር ብቅ ስትል ሊያውቅ የሚችል የፈቃደኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መረብ አለ። ይኸው መረብ «ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምርበት፣ አክታውም በጊዜ ቢመረመር፣ ያ ጎልማሳ ሳንባው ከመቀደዱ በፊት በተገኘ ነበር። ስድስት ወር የሚወስድ ክኒን ጀምሮ እቤቱ ይቀመጥ ነበር። በእኔ አስተያየት ከማናቸውም የሕዋስ ላቦራቶሪ በፊት የማኅበራችን ድምፅ ሊሰማ የሚገባው ለዚህ ነው።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለወጣት ባልደረቦች ጥቂት የሥራ ነገር ልናገር። ከፑኝዶ ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላም ወደ አዲስ አበባ ቱቦ ያለበት ሰው ስትልኩ፣ አየር የሚያስወጣውን ቱቦ ለመንገድ ምቾት ብላችሁ በመቆንጠጫ አትዝጉት። መውጫ ያጣው አየር ልቡንና ደህናውን ሳንባ ይጫናል፤ በመኪናው ውስጥም ይሞታል። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች ይሁን። መግሉ በቀዳዳው በኩል ወደ ደህናው ሳንባ እንዳይፈስ፣ ሲተኛ በታመመው ጎኑ ይተኛ፤ ወይም ከፍ ብሎ ይደገፍ። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ፣ በሰማይ ላይ የተዘጋ አየር እንደሚሰፋ አስታውሳችሁ ያለ ቱቦ አትላኩት።

በመላኪያ ወረቀቱም ላይ «ፊስቱላ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ቱቦው የገባበትን ቀን፣ ውሃው የሚፈላው ሲያስል ብቻ ይሁን ወይም በየትንፋሹ፣ በቀን የሚወርደውን መግል መጠን፣ የነቀርሳ መድኃኒት የተጀመረበትን ቀን፣ ክብደቱን፣ የሚናገረውንም ቋንቋ ጻፉልን። ቋንቋውን ከጻፋችሁልን ሕመምተኛው ከመድረሱ በፊት አስተርጓሚ ፈልገን እንጠብቀዋለን።